ቢሊሩቢን ትንሽ ከፍ ሲል፦ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ጎንደር ላይ ላብራቶሪ ነው የምሠራው፣ ሰው ውጤቱን ተቀብሎ መስኮቱ ጋ ቆሞ የሚጠይቀኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፤ ሐኪም አይደለሁም፣ የራሳችሁን ሐኪም እንዳትተዉት።

ቢሊሩቢን ግን ምንድነው?

ቀይ የደም ሴል አርጅቶ ሲፈርስ የሚወጣ ቢጫ ነገር ነው። አንድ ቀይ ሴል 120 ቀን አካባቢ ይኖርና ጣፊያ ውስጥ ይፈርሳል፣ ውስጡ ያለው ብረት ተነጥሎ እንደገና ይሠራበታል፣ የተረፈው መጀመሪያ አረንጓዴ ይሆናል፣ ቢሊቨርዲን ይሉታል፣ ከዛ ደግሞ ወደ ቢጫው ቢሊሩቢን ይቀየራል። ይሄን ሁላችሁም በዓይናችሁ አይታችሁታል እኮ! እግራችሁ ከአልጋ ጋር ተጋጭቶ ሲበልዝ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከተወሰኑ ቀናት በኋላ አረንጓዴ ይላል፣ ከዛ ቢጫ ሆኖ ይጠፋል፤ ያው እሱ ነው፣ ቆዳ ስር የፈሰሰው ደም ደረጃ በደረጃ ሲቀየር ነው።

ቢሊሩቢን ብቻውን ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ተሸክሞት ጉበት ያደርሰዋል፣ ጉበት በውሃ እንዲሟሟ አድርጎ ወደ ሐሞት ይለቀዋል፣ ሐሞት ደግሞ ወደ አንጀት። ሰገራ ቡናማ የሚሆነው በዚህ የተነሳ ነው።

ስንት ሲሆን ነው "ከፍ አለ" የሚባለው?

አብዛኛው ላብራቶሪ ቶታል ቢሊሩቢንን እስከ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ድረስ ኖርማል ይለዋል፣ አንዳንዱ 1.0 ላይ ያቆማል። እዚህ ገጽ ላይ "ትንሽ ከፍ" ስል ከዛ በላይ ሆኖ እስከ 3 ገደማ ያለውን ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩ አጠገብ ያለችውን መለኪያ እዩ። አንዱ ላብራቶሪ በሚሊግራም ይጽፋል ሌላው በማይክሮሞል፣ 1 ሚሊግራም በዴሲሊትር ማለት 17.1 ማይክሮሞል በሊትር ነው። አንድ አባት በፊት 1.5 የሚል ውጤት ነበራቸው፣ ሌላ ቦታ ሲመረመሩ 26 የሚል ወረቀት ተሰጣቸውና "ልጄ ጉበቴ አለቀ" ብለው እያለቀሱ መጡ፣ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ በሞባይል ካልኩሌተር አካፍዬ አሳየኋቸው፣ ያው ነው፣ ምንም አልጨመረም።

ወረቀቱ ላይ ዳይሬክት ኢንዳይሬክት የሚለውስ?

ኢንዳይሬክት ማለት ገና ጉበት ያልሠራበት ነው፣ ዳይሬክት ማለት ጉበት ሠርቶ የጨረሰው። ከቶታሉ ይልቅ የምትፈልጉት መልስ ያለው እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ። ቶታል 2.1 ሆኖ ዳይሬክቱ 0.3 ከሆነ የጨመረው በሙሉ ኢንዳይሬክት ነው ማለት ነው፣ እንደዛ ሲሆን ወይ ደም ከወትሮው በላይ እየፈረሰ ነው ወይ ጉበት ሥራውን ቀስ እያለ ነው የሚሠራው። ዳይሬክቱ ራሱ ከጨመረ ግን ጨዋታው ሌላ ነው፣ የሐሞት መንገድ ተዘግቶ ወይም ጉበት ራሱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱን በዝምታ አታሳልፉት።

ደም ይፈርሳል ስል እኛ አካባቢ መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ከመተማ ወይም ከደምቢያ በኩል ሠርቶ የመጣ ልጅ ትኩሳት ኖሮት ቢሊሩቢኑ ከጨመረ እባካችሁ ቢሊሩቢን ደም ስር ይጠብቃል የሚለውን፣ ከታች የምመጣበትን፣ ከማንበባችሁ በፊት የወባ ምርመራ አድርጉለት። ሐኪሞች ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) እና ሬቲኩሎሳይት (አዲስ የተሠሩ ቀይ ሴሎች ቆጠራ) የሚያዙትም ደም እየፈረሰ እንደሆነ ለማየት ነው።

የወፍ በሽታ ያዘኝ ማለት ነው?

ይሄን ያልጠየቀኝ የለም። እኛ ጋ ዓይን ቢጫ ካለ ሁሉም የወፍ ነው፣ የሌሊት ወፍ ሸንቶብህ ነው ይሉሃል፣ ሥር ቀጥቅጠው ያጠጡሃል። የወፍ በሽታ የምንለው በአብዛኛው የጉበት መቆጣት ነው፣ ሄፓታይተስ ቢም ሊሆን ይችላል ሌላም፣ እና ያን ጊዜ ኤስጂፒቲና ኤስጂኦቲ የሚባሉት የጉበት ኢንዛይሞች አብረው ይጨምራሉ፣ ሰውየውም ይደክመዋል፣ ምግብ ያስጠላዋል።

ኢንዛይሞቹ ኖርማል ሆነው፣ ሲቢሲው ኖርማል ሆኖ፣ ሄፓታይተስ ነጌቲቭ ሆኖ፣ ኢንዳይሬክት ቢሊሩቢን ብቻ ትንሽ ከፍ ብሎ ወር ቆይቶም ሲደገም እንደዛው ከሆነ ብዙ ጊዜ ጊልበርት የሚባለው፣ በዘር የሚመጣ ጉበትን የማይጎዳ ነገር ነው፣ ከታች እመጣበታለሁ። የማውቃት ልጅ እንደዚህ አይነት ውጤት ይዛ አንድ ቦታ ሄዳ "የጉበት መድኃኒት" ተብሎ ለሳምንታት መርፌ ተወግታለች፣ ብዙ ብር ነው ያወጣችው፣ ቁጥሩ 1.8 ነበር አሁንም 1.8 ነው፣ የዛሬ አስር ዓመትም 1.8 ሊሆን ይችላል።

ዓይኔ ነጩ ጋ ሁሌም ደብዘዝ ያለ ነው፣ ቢሊሩቢን ነው?

ላይሆን ይችላል። ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው፣ ገበሬ በሉት ሹፌር፣ ዓይኑ ነጭ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ወይም ደብዛዛ ቀለም ይኖረዋል፣ እሱ የቆዳ ቀለም አይነት ነገር ነው። የቢሊሩቢን ቢጫ ወጥ ነው፣ የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጋችሁ ፀሐይ የማይነካው ቦታ ላይ እዩት፣ ምላስ ስርም እዩ። ደግሞ በአምፖል አትዩ፣ በር ላይ ውጡና በቀን ብርሃን እዩ። ቁጥሩ 2.5 ወይም 3 አካባቢ ካልደረሰ በዓይን አይለይም።

ጊልበርት ምንድነው፣ ይድናል ወይ?

የፈረንሳዩ ሐኪም ኦጉስተን ጊልበርት ከባልደረባው ጋር ሆኖ በፈረንጆቹ 1901 የጻፈው ነው፣ ስሙ ከሱ ነው። ጉበት ውስጥ ቢሊሩቢንን በውሃ እንዲሟሟ የሚያደርግ ዩጂቲ ዋን ኤ ዋን የሚባል ኢንዛይም አለ፣ ጊልበርት ያለበት ሰው ላይ ይሄ ኢንዛይም ከኖርማሉ 30 ፐርሰንት ያህል ነው የሚሠራው። በወፍጮ ቤት አስቡት፣ ወፍጮው ደህና ነው፣ እህሉም ይፈጫል፣ ግን ቀስ ስለሚል በር ላይ ሁሌ ወረፋ አለ። ወረፋው ነው ወረቀታችሁ ላይ የሚታየው።

በዘር ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ሲወረስ ነው የሚታየው፣ ብዙ ሰው ደግሞ የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው፣ ለውጭ ጉዞ ወይ ለሥራ ሜዲካል ሲሠራ። ይድናል ወይ ለሚለው፣ በሽታ ስላልሆነ የሚድን ነገር የለውም። ጉበትን አይጎዳም፣ ወደ ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ሆኖ ወደሚደርቅበት በሽታ) አይሄድም፣ አይተላለፍም። ወንድምና እህት ላይም ሊኖር ስለሚችል አንዴ ተመርምረው ቢያውቁት ጥሩ ነው፣ ለሌላ ሳይሆን ወደፊት የሆነ ቦታ ቁጥሩን አይተው እንዳይደነግጡ።

ሁዳዴ ሲገባ ለምን ይጨምራል?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው ምክንያቱም በየዓመቱ በመስኮቴ አየዋለሁ። በጾም ወቅት ጠዋት መጥተው ደም የሚሰጡ ሰዎች አሉ፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት አንዴ ቀምሰው ከዛ በኋላ ምንም ያልቀመሱ፣ ሌሊት ደግሞ ቤተክርስቲያን ቆመው ያደሩ፣ ከቁስቋም በእግራቸው ወርደው የመጡ፤ ጥር ላይ 1.3 የነበረው 2.4 ሆኖ ይወጣል። አዲስ አለም አካባቢ ያሉት ደንበኞቼ ደግሞ ረመዳን ላይ እንደዛው ናቸው። ሽሮው ወይም ክኩ አይደለም ያመጣው፣ ጥፋቱ የሰዓቱ ርዝመት ነው።

ምግብ ለረጅም ሰዓት ሲጠፋ ሰውነት ስብ ማቃጠል ይጀምራል፣ ጉበት ቢሊሩቢን የሚያጣራበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ አንጀትም ሥራ ስለሚፈታ ወደ ውጪ መሄድ የነበረበት የተወሰነው ተመልሶ ወደ ደም ይገባል። ጊልበርት የሌለው ሰው ላይም ትንሽ ይጨምራል፣ ያለበት ሰው ላይ ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል፣ እንደውም ድሮ ሐኪሞች ጊልበርትን ለማረጋገጥ ሰውየውን ለሁለት ቀን በቀን 400 ካሎሪ ብቻ እየሰጡ ቁጥሩ ሲጨምር ያዩ ነበር። ውሃ መጠማት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ጉንፋን፣ ከባድ የጉልበት ሥራ፣ ለሴቶች የወር አበባም ከፍ ያደርጉታል። የጥምቀት ማግስት ከፋሲል መዋኛ ታቦት አጅቦ ሲጨፍር የዋለ ወጣት ዓይኑ ቢጫ ቢል አይገርመኝም፣ ገሃድ ጾሞ፣ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ውሃም አልጠጣ።

ጾሙን ተዉ የሚል ሰው ካለ እኔ አይደለሁም። ብቻ ደም ለመስጠት ስትመጡ ጾም ላይ መሆናችሁንና መቼ እንደበላችሁ ንገሩ፣ ሐኪሙ ሲያነበው ይለያል።

አንዱ ላብ 2.0 ሌላው 1.5 አለኝ፣ ማንን ልመን?

ከላይ ያልኩት የምግብ ሰዓት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ብርሃን ነው። ቢሊሩቢን ብርሃን ይሰብረዋል፣ ናሙናው ያለበት ቱቦ ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ከቆየ ቁጥሩ ይወርዳል። እኛ ቱቦውን በፎይል እንጠቀልላለን፣ ሁሉም ቦታ ይደረጋል ወይ ብትሉኝ ግን ዝም ልበል።

ለደም ስር ይጠቅማል የሚባለው ከየት መጣ?

ለረጅም ጊዜ ቢሊሩቢን ዝም ብሎ የሚጣል ቆሻሻ ነው ተብሎ ነበር የሚታሰበው። በፈረንጆቹ 1987 ላይ ግን ተመራማሪዎች ጠንካራ አንቲኦክሲደንት፣ ማለትም ሴሎችን ከጉዳት የሚጠብቅ ነገር፣ እንደሆነ አሳዩ። በ1994 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የልብ ደም ስራቸው የጠበበና ያልጠበበ ሰዎች ሲነጻጸሩ ቢሊሩቢናቸው ዝቅ ያለው ሰዎች ላይ ነው ጥበቱ የበዛው። ከዛ ወዲህ ብዙ አገር ተደጋገመ። ማሳቹሴትስ ውስጥ ፍራሚንግሃም የምትባል ከተማ አለች፣ ከ1948 ጀምሮ የነዋሪዎቿን ልብ ይከታተላሉ፣ እዛ በ2006 በወጣ ጥናት ከ20 ዓመት በላይ ክትትል ውስጥ የጊልበርቱን ጂን ከሁለቱም ወላጅ የወረሱ ሰዎች የልብና የደም ስር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሲሶ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ትልቅ ልዩነት ነው፣ እኔም መጀመሪያ ሳነበው ሁለቴ ነው ያየሁት።

እንዴት አድርጎ ነው የሚጠብቀው?

ደም ስራችሁ ውስጡ በአንድ ረድፍ ሴል የተለበጠ ነው፣ ኢንዶቴልየም ይባላል፣ ያ ልባጭ ጤነኛ ሲሆን ደም ስሩ እንደ አስፈላጊነቱ ይሰፋል ይጠባል። መጥፎው ኮሌስትሮል ኤልዲኤል ችግር የሚፈጥረው በተለይ ኦክሲዳይዝ ሲሆን ነው፣ ቅቤ ሲቆይ እንደሚሻግተው በሉት፣ የሻገተው ነገር ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ የሰውነት ተከላካይ ሴሎች ሊበሉት ይመጣሉ፣ እዛው ይቀራሉ፣ ቀስ በቀስ ይቆልላል። ቢሊሩቢን ይሄን መሻገት ይቀንሳል፣ ተከላካይ ሴሎቹ ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቁም ያግዛል፣ ቢያንስ በላብራቶሪ ሥራ የታየው እንደዛ ነው። ሥራውን ሲሠራ ራሱ ወደ አረንጓዴው ቢሊቨርዲን እንደሚመለስና ሰውነት እንደገና ወደ ቢጫው እንደሚቀይረው፣ በዚህ ዙር ትንሽዋ መጠን ብዙ እንደምትሠራ የሚል ሐሳብም በ2002 ቀርቧል፣ ሁሉም ሳይንቲስት ግን አልተስማማበትም።

ታዲያ እኔ ጊልበርት ካለኝ ስትሮክ አይዘኝም ማለት ነው?

ኧረ እንደዛ አትበሉ። እዚህ ጋ ነገሩ ይወሳሰባል። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢሊሩቢኑ ዝቅ ይላል፣ ውፍረትና የቆየ የሰውነት መቆጣትም ከዝቅተኛ ቢሊሩቢን ጋር አብረው ይታያሉ። እና ዝቅ ያለው ሰው ልቡን የታመመው ቢሊሩቢን ስላነሰው ነው ወይስ ስለሚያጨስ? ቁጥሩ አጥር ሆኖ ነው የጠበቀው ወይስ ደህና የሆነ ሰው ምልክት ብቻ ነው?

ይሄን ለመለየት ተመራማሪዎች ጂን ይጠቀማሉ፣ ምክንያቱም ጂን ስንወለድ በዕጣ የደረሰን ነው፣ ሲጋራም ውፍረትም አይቀይረውም። በ2013 የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ በጣም ብዙ ሰው አይተው፣ ጂኑ ቢሊሩቢንን በደንብ ከፍ እንደሚያደርግ አረጋገጡ፣ የልብ ደም ስር በሽታ ግን ጂኑ ያላቸው ሰዎች ላይ አልቀነሰም። የፍራሚንግሃሙና ይሄ አይስማሙም፣ ነገሩ አሁንም ክርክር ላይ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ጊልበርት ያለበት ሰው መደሰት ያለበት ጉበቱ ደህና ስለሆነ ነው፣ የደም ስሩ ነገር ከሆነም ምርቃት ነው፣ ምርቃት ተቆጥሮ ደግሞ በጀት አይያዝበትም።

የኤችአይቪ መድኃኒት ቀይሬ ዓይኔ ቢጫ ሆነ፣ ልተወው?

እንዳትተዉት። ሁለተኛ መስመር ላይ የሚሰጠው አታዛናቪር ያንኑ የጊልበርቱን ኢንዛይም ስለሚይዝ ኢንዳይሬክት ቢሊሩቢን ይጨምራል፣ ዓይን ቢጫ ይላል፣ በአብዛኛው ጉበት ተጎድቶ አይደለም። ሰው ያየኛል ብላችሁ ካፈራችሁ ለክሊኒኩ ተናገሩ፣ ሌላ አማራጭ ሊያዩላችሁ ይችላሉ፣ በራሳችሁ ማቆም ግን አይሆንም። ከድካም፣ ማስታወክ ወይም ከጠቆረ ሽንት ጋር ከመጣ ደግሞ ቶሎ ታዩ።

የሚገርመው ይሄው መድኃኒት ለደም ስር ጥናትም ውሏል። በ2011 በወጣ ትንሽ ጥናት ኤችአይቪ ለሌለባቸው ዓይነት ሁለት ስኳር ላለባቸው ሰዎች ለሦስት ቀን አታዛናቪር ተሰጥቷቸው ቢሊሩቢናቸው ሲጨምር የክንዳቸው ደም ስር የመስፋት አቅሙ ተሻሻለ። ሦስት ቀን ናት፣ ክንድ ናት፣ ስትሮክ ቀነሰ ወይ የሚለውን አትመልስም።

ጥሩ ነገር ከሆነ ጨቅላ ሕፃናት ላይ ለምን ይፈራል?

ምክንያቱም መጠኑ ሌላ ነው። አራስ ልጅ ጉበቱ ገና ስለሆነ ቁጥሩ 15፣ 20፣ ከዛም በላይ ሊወጣ ይችላል፣ ያን ጊዜ አልቡሚኑ መሸከም ያቅተውና ወደ አንጎል ገብቶ መስማትንና እንቅስቃሴን ለዘለቄታው ይጎዳል። ልጁ በተወለደ በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ካለ፣ ወይም ቢጫው እስከ እግሩ ወርዶ ጡት መጥባት እምቢ ካለ፣ ፀሐይ እናሙቀው እያላችሁ በር ላይ አትቀመጡ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት። የብርሃን ሕክምናው የተገኘው እውነት ነው ከፀሐይ ነው፣ በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር አንዲት ነርስ ፀሐይ የነካው የልጅ ቆዳ ቢጫው ሲለቅ አይታ ነው፣ የዛሬው መብራት ግን የተለካ ሰማያዊ ብርሃን ነው፣ ልጁም እየተመረመረ ነው የሚሰጠው።

ለሐኪም ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ?

አለ። ኢሪኖቴካን የሚባል የካንሰር መድኃኒት በዛው በጊልበርቱ ኢንዛይም ነው ከሰውነት የሚወጣው፣ ጊልበርት ያለበት ሰው ላይ ሊበዛበትና ሊጎዳው ይችላል፣ መጠኑ ይስተካከላል። የቲቢ መድኃኒት የጀመረ ሰውም ቢሊሩቢኑ ሲጨምር "እኔ ድሮም ጊልበርት ነኝ" ብሎ እንዳይተኛ፣ መድኃኒቶቹ ራሳቸው ጉበት ሊያስቆጡ ይችላሉ።

ሽንት እንደ ጥቁር ሻይ ከሆነ፣ ሰገራ ከነጣ፣ ሰውነት ካሳከከ፣ በቀኝ ጎን ሕመም ወይ ትኩሳት ካለ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ይሄ ጊልበርት አይደለም። በዛው ቀን ሂዱ።

ሆን ብዬ ከፍ ላድርገው?

ባለፈው ሁዳዴ አንድ ጋሼ፣ ስድሳ ዓመት ይሆናቸዋል፣ ልጃቸው ከውጭ ስለዚህ ነገር ነግሯቸው መጡ። "ጾሙን እስከ ማታ ባስረዝመው ይጨምርልኛል አሉ፣ ደም ስሬን ይጠርግልኛል" አሉኝ። በረሃብ የጨመረ ቢሊሩቢን ልብ እንደጠበቀ ያሳየ ጥናት አላየሁም፣ ኪኒን ሆኖ ለዚህ ተብሎ የተፈቀደም የለም፣ ይሄን ነገርኳቸው፣ ብዙም አላመኑኝም። ጎን ያለችው ነርስ ጋ ላክኋቸውና ግፊታቸውን ለካቻቸው።

ቢሊሩቢናቸው 1.9 ነው፣ ዳይሬክቱ 0.3። ግፊታቸው 170 በ100። መድኃኒቱን ካቆሙ አራት ወር ሆኗቸዋል፣ ጾም ላይ ኪኒን መዋጥ ከብዷቸው።